ሦስቱ ሶፍትዌሮችና ንጉሡ ሠ

እኔ ቁጡ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ከኮምፒውተር ጋር ስጨቃጨቅ ስታገኙኝ እንዳይገርማችሁ ነው። የምሠራው ላሊበላ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። ባጃጆች ከሚቆሙበት በድንጋይ ደረጃ ትንሽ ወጣ ሲሉ ትገኛለች፤ አንዱ ክፍል የመጻሕፍት፣ አንዱ የንባብ። አንባቢዎቻችን ተማሪዎች፣ ዲያቆናት፣ የሆቴል ሠራተኞችና አስጎብኚዎች ናቸው። አስጎብኚዎቹ የሚመጡት እንግዳ ጠይቋቸው ያልመለሱትን ነገር ፍለጋ ስለሆነ፣ ገና በር ላይ ፊታቸውን አይቼ የዕለቱ ጥያቄ ምን ያህል እንደከበደ እገምታለሁ።

ያደግኩት ፍላቂት ነው፤ የተማርኩት የመረጃ ሳይንስ። ተመርቄ ስቀጠር «በአንድ ዓመት ውስጥ ዘመናዊ አደርጋታለሁ» ብዬ ለሰማም ላልሰማም ፎክሬ ነበር። ስገባ የጠበቁኝ ግን አንድ ወፍራም መዝገብና አንድ መሪጌታ ናቸው።

መሪጌታ የአንባቢ አገልግሎት ሠራተኛ ነበሩ። ከቅኔ ቤት ወጥተው እዚህ ተቀጥረው፣ የጡረታ ዕድሜያቸው ደርሶ አልፎ፣ ውላቸው በየዓመቱ እየታደሰ ይሠሩ ነበር። የሚታደስበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ከእሳቸው ሌላ መጽሐፍ ፈልጎ የሚያገኝ ሰው አልነበረም። እኔንም ጨምሮ። ካታሎግ የሚባል ነገር የለንም፤ ሁሉም ነገር ያለው ከጥምጥማቸው ሥር ነው። «ስለ ንብ እርባታ የሚናገር መጽሐፍ አለ?» ሲባሉ «አረንጓዴው ነው ወይስ ጀርባው የተገነጠለው?» ብለው ይጠይቁና ቀና ሳይሉ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ያወጡታል። እኔ በበኩሌ መደርደሪያ ለመደርደሪያ ስንከራተት ቆይቼ ባዶ እጄን እመለሳለሁ፤ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ማንም ባያናግረኝ ይሻላል።

መዝገባቸው ደግሞ የራሱ ሥርዓት ነበረው። የመመለሻ ቀን በሚለው ረድፍ ቁጥር አይጽፉም። «ለሚካኤል»፣ «ለጊዮርጊስ»፣ «ለመድኃኔዓለም» ብለው ነው የሚጽፉት። መጀመሪያ ሳየው ሣቄ መጣ፤ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። የገጠሩ ሰው በበዓሉ ቀን እርሻ ስለማይገባ ወደ ከተማ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ሲመጣ መጽሐፉን ይዞ ይመጣል። አንድ ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ ደንበኛ ነበረን፤ እሱ «መሪጌታ፣ ለእኔ ለቅዳሜ ገበያ ይጻፉልኝ» ይላል፣ ይጻፍለታል። የዘገየ ሰው ሲመጣ መሪጌታ አይቆጡም። ከመነጽራቸው በላይ አየት አድርገውት «ታቦቱ ገባ፤ መጽሐፉስ የት ቀረ?» ይላሉ። ሰውየው ይሽኮረመማል፤ መጽሐፉን ያስረክባል፤ ሌላ ይዋሳል።

አንድ ቀን ከበላይ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ቤተ መጻሕፍቷ በኢንተርኔት በሚሠራ የአስተዳደር ሶፍትዌር እንድትገለገል ተወስኗል፤ ባለሙያዋ ሦስት ሶፍትዌሮችን አወዳድራ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዱን ትምረጥ ይላል። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። ደስታዬ ወደር አልነበረውም፤ እስከ መጨረሻው መስመር። መጨረሻው መስመር «ሥርዓቱ ሥራ እንደጀመረ የአንባቢ አገልግሎት ሠራተኛው ውል አይታደስም» ይላል።

መሪጌታ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጠው የተገነጠለ ሽፋን በሙጫ እየለጠፉ ነበር። «ምን ይላል?» አሉኝ። «ሶፍትዌር ምረጪ ነው የሚለው» አልኩና ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ዐይናቸውን ማየት አልቻልኩም። «ደግ ነዋ፤ ምረጪያ» አሉ፣ ሙጫቸውን እየቀቡ።

ማወዳደሩን በማግስቱ ጀመርን። ጀመርን የምለው መሪጌታ አጠገቤ ወንበር ስበው ስለተቀመጡ ነው። ኔትወርኩ የሚሻለው በሆቴሉ በኩል ባለው መስኮት ሥር ስለሆነ ላፕቶፑን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጠን፣ እኔ ቆሜ እሳቸው ተቀምጠው እንሠራለን። ሦስቱም ሶፍትዌሮች ለአፍ የሚያስቸግር ስም ነበራቸው። መሪጌታ በመጀመሪያው ቀን ስም አወጡላቸው፤ ሙሽራዋ፣ ዘመድና ገበሬው።

ሙሽራዋ የውጭ አገር ሥሪት ናት፤ በዓመት ኪራይ የምትሰጥ። ስትከፈት ቀለሟ፣ የመጻሕፍቱ ሽፋን በሥዕል መደርደሩ፣ ልብ ትሰርቃለች። እኔ ወዲያው ወደድኳት። ግን «የቤተሰብ ስም» ካልተጻፈላት ወደ ፊት አትሄድም። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባት ስም ሞላንላት። ለሙከራ ካወጣነው ካርድ አንዱን ለአንድ አስጎብኚ ሰጠሁት። ገልብጦ አየውና «እንዴ! ይኼ የአባቴ ካርድ ነው። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ እኔ ነኝ ስለማር የኖርሁት» አለ። የአባቱን ስም አስቀድማ በትልቁ ጽፋ፣ የራሱን በአንዲት ፊደል አሳጥራዋለች። መሪጌታ ጥምጥማቸው እስኪላላ ሣቁ። እኔ ግን ለሙሽራዋ ተቆርቁሬ «ይስተካከላል!» ብዬ ጮህኩ።

ዘመድ የአገር ልጆች የሠሩት ነው። ሁሉ ነገሩ በአማርኛ፣ የዘመን አቆጣጠሩ የእኛው፣ ጳጉሜን እንኳ ያውቃል። መሪጌታ ጳጉሜን ሲያዩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እጅ ነሡት። ነገር ግን ኔትወርክ ሲቆራረጥ ነጭ ገጽ ሆኖ ይቀራል፤ የጻፍነውንም ይዞት ይሄዳል። አንድ ሙሉ ከሰዓት የመዘገብነውን ሦስት ጊዜ በላብን። «ስሙን በደንብ ነው ያወጣሁለት፤ ጨዋታ ያውቃል፣ ችግር ሲመጣ አይገኝም» አሉ መሪጌታ።

ገበሬው ደግሞ በነፃ የሚገኝ፣ ማንም አውርዶ እንደፈለገ የሚያስተካክለው ነው። ለማየት አይማርክም። ግራጫ ነው፤ ምናሌው ግማሹ ብቻ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ለመጫን ያለፋኝ። ከተጫነ በኋላ ግን በቢሮው ኮምፒውተር ላይ ስለሚቀመጥ ኔትወርክ ቢጠፋም ሥራውን አያቆምም። ውጤት በምሰጥበት ሰንጠረዥ ላይ ለሙሽራዋ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠኋት፤ ገበሬው ሁለተኛ ወጣ። ለመልክ የሚሰጠውን ነጥብ አብዝቼው እንደነበር አሁን አምናለሁ።

የተጣላነው በምዝገባው ላይ ነው። መሪጌታ ርእስ ያነብባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ የጻፍኩት በሦስቱም ሶፍትዌሮች ላይ ይጫናል። ጣቴ ፈጣን ነው፤ ሀ ይሁን ሐ፣ ሰ ይሁን ሠ፣ የቀረበኝን እመታለሁ። እሳቸው ግን እያንዳንዷን ፊደል በስሟ ይጠራሉ።

«በንጉሡ ሠ ነው» ይላሉ።

«መሪጌታ፣ ሁለቱም ያው ናቸው እኮ!»

«ያው? ፀሐይ ሠረቀ ማለትና ሌባ ሰረቀ ማለት ያው ነው እንዴ? የመጀመሪያው ንጉሡ ሠ ነው፤ የወጣች ፀሐይ ነው። ሁለተኛው እሳቱ ሰ ነው፤ የሚታሠር ሌባ ነው። ፀሐይቱን ልታሳስሪያት ነው?»

«ኮምፒውተሩ አይገደውም!»

«ያንቺን ልጠይቅሽ እንጂ የኮምፒውተሩን መች ጠየቅሁሽ።»

ከዚያ በኋላ እልህ ይዞኝ አንዳንዱን በእሳቸው፣ አንዳንዱን በራሴ፣ አንዳንዱንም እንዲያው እንደመጣልኝ ጻፍኩት። በንዴት የተመዘገበ ካታሎግ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም።

በሁለተኛው ሳምንት መጀመሪያ የበላይ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊና ሁለት የኮሚቴ አባላት ሙከራውን ሊያዩ መጡ። ወንበር ደርድሬ፣ ሦስቱንም ሶፍትዌሮች ከፍቼ ጠበቅኳቸው። ሙሽራዋን እያሳየሁ፣ ልቤ ሞልቶ፣ አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ብልባላ ከምትገኝ ጤና ኬላ የመጣች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ ጫማዋ በአቧራ ነጥቷል። ስለ ሕፃናት አመጋገብ የሚናገር መጽሐፍ ፈልጋ ነው። በነጋታው እናቶችን ሰብስባ ልታስተምር ቀጥራለች። ኃላፊው ደስ አላቸው። «ጥሩ ጊዜ ነው የመጣሽው። ነይ፣ ራስሽ ፈልጊው» አሏት።

ተቀመጠችና ሕፃናት የሚለውን በሃሌታው ሀ እና በጸሎቱ ጸ ጻፈች፤ ህጻናት። «ምንም አልተገኘም» አለች ሙሽራዋ። ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ ዘመድ ወሰድኳት፤ አልተገኘም። ገበሬው፤ አልተገኘም። በጆሮዬ ሙቀት ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። መጽሐፉ እንዳለ አውቃለሁ፤ የመዘገብኩት ራሴ ነኝ። በየትኛው ሀ እና በየትኛው ጸ እንደመዘገብኩት ግን አላውቅም። ሴትየዋ «የለም ማለት ነው?» ብላ ቦርሳዋን አነሣች።

መሪጌታ ከወንበራቸው ተነሡ። ሦስተኛው መደርደሪያ ጋ ሄደው፣ እጃቸውን ሰደድ አድርገው መጽሐፉን አወጡና ሰጧት። «ለሚካኤል ትመልሺዋለሽ፤ ገጽ አታጥፊበት» አሏት። ኮሚቴው ሣቀ። ኃላፊው «እንግዲህ ከመሪጌታ የበለጠ ሶፍትዌር የለም ማለት ነው!» ብለው ቀልደው፣ ሪፖርቱን በቀሩት ቀናት እንዳስገባ ነግረውኝ ወጡ።

እፍረቱ እንዳለ ሆኖ፣ ውስጤ አንድ ነገር ሲፈነድቅ ተሰማኝ። መንገዱ ተገኘ! ሦስቱም ለአማርኛ አይሆኑም ብዬ እጽፋለሁ፤ ምስክሩ ኃላፊው ራሳቸው ናቸው፤ መሪጌታም ይቀራሉ። ፈገግ ብዬ ወደ እሳቸው ዞርኩ። እሳቸው ግን ሴትየዋ የተቀመጠችበትን ባዶ ወንበር ነበር የሚያዩት። ከፍቷቸው ነበር።

«ያን ሁሉ መንገድ መጥታ ባዶ እጇን ልትሄድ ነበር» አሉ።

«እርስዎ አገኙላት እኮ።»

«እኔ ባልኖርስ?»

«ይኖራሉ» አልኩ። «ሦስቱም አይሠሩም ብዬ እጽፋለሁ። አለቀ።»

«እንዳይታደስ የተባለው ውል እንዲታደስ ነው?»

እኔ ስምንት ቀን ሙሉ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ይዤ የዞርኩበትን ደብዳቤ መጀመሪያ ያነበቡት እሳቸው ነበሩ። ገቢ ደብዳቤ ተቀብለው የሚመዘግቡት እሳቸው መሆናቸውን ረስቼው ነው። ቁጥር ሰጥተው፣ ቀን ጽፈው፣ ራሳቸው ጠረጴዛዬ ላይ ያኖሩት ደብዳቤ ነው።

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?» ብዬ ተቆጣሁ። እንባዬም መጣ።

«አንቺ ለምን ዝም አልሽኝ?» አሉና ፈገግ አሉ። «የደበቅሽልኝ ስለ እኔ ብለሽ ነው፤ አይቼዋለሁ። አሁን ግን ውሸት እንዳትጽፊ። ዐይኔ እየደከመ ነው። አንድ ቀን እቀራለሁ። ያን ቀን የምትመጣዋን ሴት ማን ይቀበላታል? በይ፣ ከነዚህ ከሦስቱ የሚማር የትኛው ነው?»

የሚማረው ገበሬው ነበር። ማንም እንዲያስተካክለው የተተወ ስለሆነ፣ ሲፈለግ የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እኩል ይታይ ብሎ ለመዘርዘር ቦታ አለው። ሙሽራዋ ውስጧን አታስነካም፤ የዘመድ ባለቤቶች ስልክ አያነሡም። ዝርዝሩን ከፍቼ «ሀ፣ ሐ፣ ኀ አንድ ናቸው ብዬ ልጻፍ?» ስላቸው መሪጌታ ጥርስ እንደታመመ ሰው አገጫቸውን ያዙ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ አይደሉም ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው።  

«እንዲህ አድርጊው» አሉ በመጨረሻ። «ሰው ሲፈልግ እንዳሻው ጽፎ ይግባ፤ በር ላይ አንመልሰው። ውስጥ ሲገባ ግን መጽሐፉን በትክክለኛ ስሙ ያግኘው። መዝገቡን በሙሉ እናርመዋለን።»

በቀሩት ቀናት ይኼንኑ ሠራን። እሳቸው ርእስ በርእስ ያነብባሉ፤ «ሐመሩ ሐ»፣ «ብዙኃኑ ኀ»፣ «ፀሐዩ ፀ»፣ «ዐይኑ ዐ» እያሉ። እኔ እንደታዘዝኩት እጽፋለሁ። በየመሃሉ መጨቃጨቁ አልቀረም፤ አንዳንዴ አንባቢዎች ሳይቀሩ ዞረው ያዩን ነበር። እንደዚያ የሣቅኩበት የሥራ ሳምንት ግን አላስታውስም። የመመለሻ ቀናቱንም አስገባንበት፤ ከየወሩ ዐሥራ ሁለት አጠገብ «ሚካኤል»፣ ከሃያ ሦስት አጠገብ «ጊዮርጊስ»፣ ከሃያ ሰባት አጠገብ «መድኃኔዓለም»፣ ለፈለገም «ቅዳሜ ገበያ»። ሲያልቅ መሪጌታ ሆን ብለው ሕፃናትን በአራት ዓይነት አጻጻፍ አስፈለጉኝ። አራቱንም ጊዜ ያ መጽሐፍ መጣ፤ አራቱንም ጊዜ ስሙ በሐመሩ ሕ እና በፀሐዩ ፃ ተጽፎ። «ማለፊያ ተማሪ ነው። ካንቺ ይሻላል» አሉኝ።

ሪፖርቱን እውነቱን ጻፍኩ። ገበሬው ተመረጠ። ግርጌው ላይ መሪጌታ ቢያንስ አንድ ዓመት እንዲቆዩ የሚጠይቅ ረጅም አንቀጽ ጨመርኩ፤ መልሱ አጭር ነበር። ሶፍትዌሩ ጸድቋል፣ ውሉ አይታደስም፣ ለሠራተኛው ምስጋና ይድረሳቸው። ኃላፊው ድረስ ሄጄ ተጨቃጨቅኩ፤ በር ጠርቅሜም ወጣሁ። ምንም አልተለወጠም።

በመጨረሻው ቀን መሪጌታ ቁልፉን አስረከቡኝ። ከዚያ እንደ ማንኛውም ሰው ከጠረጴዛው ማዶ፣ በአንባቢ በኩል ቆሙ። «ካርድ አውጪልኝ» አሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም መጽሐፍ ተውሰው ወደ ቤታቸው ወስደው አያውቁም ነበር። የመጀመሪያዋን ካርድ ለእሳቸው አወጣሁ። የመረጡት ስለ ኮምፒውተር አጠቃቀም የተጻፈች ስስ መጽሐፍ ነበረች። «ለማን ነው የምመልሳት?» አሉ። «ለመድኃኔዓለም» አልኩ። በነጠላቸው ሸፍነዋት ደረጃውን ወረዱ።

መድኃኔዓለም መጣ፤ አልመጡም። በማግስቱም የለም። ባለወልድ አለፈ። ገበሬው ስማቸውን በቀይ ጽፎ አወጣው፤ በአዲሱ ሥርዓት የመጀመሪያው የዘገየ አንባቢ እሳቸው ሆኑ። ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ለመሄድ አሰብኩና ተውኩት፤ ለአንዲት ስስ መጽሐፍ ቤት ድረስ ብሄድ ይቀየሙኛል ብዬ። ሶፍትዌሩ ለዘገዩ አንባቢዎች በራሱ መልእክት ይልካል ይባላል፤ ያ አገልግሎት ግን ገና አልተከፈተልንም ነበር። ስለዚህ ለቤተ መጻሕፍቱ በተገዛው አዲስ ስልክ፣ ማሽን መስዬ፣ አጭር መልእክት ጻፍኩላቸው። ሥሩ ላይ «ከቤተ መጻሕፍቱ ሶፍትዌር የተላከ» ብዬ ጨመርኩበት።

በነጋታው ጠዋት በር ስከፍት ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መጽሐፏ ጉልበታቸው ላይ ነበረች።

«ምነው መሪጌታ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደኅና ነኝ። በሁለት ቀን ነው ያነበብኋት» አሉ፣ ቀስ ብለው እየተነሡ። «ዕድሜ ልኬን የዘገየ ሰው ስፈልግ ኖርሁ። እኔ ብቀር የሚፈልገኝ ሰው ይኖር እንደሁ ልይ ብዬ ነው።»

መጽሐፏን ተቀብዬ «ይኸው ማሽኑ ፈለገዎት አይደል?» አልኩ።

ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ከዐይናቸው አራቅ አድርገው መልእክቱን ጮክ ብለው አነበቡት፤ «ታቦቱ ገባ፤ መጽሀፉስ የት ቀረ?» ከዚያም ወደ እኔ አዞሩልኝና አንዷን ፊደል በጣታቸው ጠቆሙ።

«ማሽኑማ መጽሐፍን በሐመሩ ሐ ነው የሚጽፍ፤ ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ይቺ በሃሌታው ሀ ናት» አሉ። «የፈለግሽኝ አንቺ ነሽ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፊደል ሳልከራከራቸው ቀረሁ።